ከመጪው ዓመት የመጣ መጽሐፍ

(ለንደን ውስጥ በአንድ የኢትዮጵያውያን የንባብ ምሽት ላይ የተደረገ ንግግር። ከጥቂት ማስተካከያ በቀር እንደተነገረው ቀርቧል።)

ጤና ይስጥልኝ! እንደምን አመሻችሁ?

አባቶቼ፣ እናቶቼ፣ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ እንዲሁም ከኋላ ወንበር ላይ ስልክ የምትነካኩ ልጆች፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። የዛሬው ወሬዬ ለልጆቹ ነው። ወላጆችም ስሙት፤ ገንዘቡ ያለው እናንተ ኪስ ውስጥ ነው።

አዘጋጆቹ ደውለው «በልጅነትህ ስለወደድከው መጽሐፍ ንገረን» ሲሉኝ ከትልልቆቹ የአማርኛ ልብ ወለዶች አንዱን ይዤ እንደምመጣ ጠብቀው ነበር መሰለኝ። ይዤ የመጣሁት ግን ይኸውላችሁ። ይታያችኋል? ሽፋኑ ወፍራም ካርቶን ነው። ወረቀቱ ሸካራ ነው። ጠርዙ ተበልቷል። ውስጡ ፀጉሩ የተንጨባረረ፣ መሬት የሚጠርግ ስካርፍ የጠመጠመ ሰውዬ አለ። ሰውዬው «ዶክተር ሁ» ይባላል፤ በቢቢሲ ቴሌቪዥን ፕሮግራም ላይ ጊዜን እያቋረጠ የሚጓዝ ጀግና ነው። መጽሐፉ ደግሞ እንግሊዞች «አኑዋል» የሚሉት ነው፤ በዓመት አንድ ጊዜ ለልጆች የሚታተም መጽሐፍ።

«ይኼ ደግሞ መጽሐፍ ነው እንዴ?» የሚል ይኖራል። አውቃለሁ። ስለዚህ ሦስት ነገር እናገራለሁ። አንደኛ፣ አኑዋል የሚሉት ነገር ምንድን ነው? ሁለተኛ፣ እንዲህ ስህተት የሞላበትን መጽሐፍ ለምን ወደድኩት? ሦስተኛ፣ መጽሐፉ እጄ ላይ ሲቀር ቴሌቪዥኑ የት ገባ? ሦስተኛው ላይ እናንተን የምጠይቀው ነገር አለኝ። ቡናው ቢሸታችሁም እንዳትወጡብኝ።

አንደኛውን ልጀምር።

እዚህ አገር በየዓመቱ ክረምቱ ወጥቶ መስከረም ሲጠባ የመጻሕፍት ሱቆች እነዚህን መደርደር ይጀምራሉ። ለገና ስጦታ ነው የሚታተሙት። ታዋቂ የቴሌቪዥን ፕሮግራም ካለ አኑዋል አለው። የእግር ኳስ ቡድኑም አለው፣ ኮሚክ የሚሉት በሥዕል ታሪክ የሚነግረው የልጆች መጽሔትም አለው። ውስጡ አጫጭር ታሪኮች፣ በሥዕል የሚነገሩ ታሪኮች፣ እንቆቅልሽ፣ በዳይ የሚጫወቱት የገጽ ላይ ጨዋታ፣ ስለ ጨረቃና ስለ ሮኬት የሚያወሩ ገጾች አሉ። መጀመሪያው ገጽ አካባቢ «የዚህ መጽሐፍ ባለቤት» ይልና ስም የሚጻፍበት መስመር አለ። ያን ጊዜ ዋጋው ጥግ ላይ ይታተም ነበር። ስጦታ ሰጪው ዋጋው እንዳይታይ ጥጉን በመቀስ ይቆርጠው ነበር። የኔም ተቆርጧል፣ ይኸው።

አንድ ሌላ ነገር አለ። መስከረም ላይ ወጥቶ ቀኑ የሚጻፍበት በመጪው ዓመት ነው። በፈረንጆቹ 1976 ለገና የተሰጠኝ መጽሐፍ «1977» ይላል። የነጋዴ ዘዴ ነው፤ ከገና በኋላም አሮጌ እንዳይመስል። እኔ ግን ያን ጊዜ አሥር ዓመት ያልሞላኝ ልጅ ነኝ። ከአዲስ አበባ የመጣሁት በ1968 ዓ.ም. ነው። አውሮፕላን ወርጄ ፈረንጆቹ 1976 ናቸው አሉኝ። ገና ይህን ሳልለምድ መጽሐፉ 1977 ነው አለኝ። በጥቂት ወራት ውስጥ ዘጠኝ ዓመት ዘለልኩ! ጊዜን ስለሚያቋርጥ ሰውዬ ለማንበብ ከዚህ የተሻለ ዝግጅት ከየት ይመጣል?

የሰጠችኝ ጎረቤታችን ናት። ባሏ የሞተባት አሮጊት እንግሊዛዊት። እናቴ «እማማ» ነበር የምትላት፤ ሴትዮዋም «እማማ» ሲሏት አቤት ማለት ለመደች። የሴትዮዋ ወግ ብዙ ነው፣ ሌላ ቀን።

እነዚህ መጻሕፍት ከየት መጡ የሚለውን በአጭሩ ልበል፤ እዚህ የቤተ ክርስቲያን ሰዎች ስላላችሁ ደስ ይላችኋል። የእንግሊዝ የልጆች የጠፈር ታሪክ በሥዕል ሲነገር አንዱ ትልቅ ምንጭ ቄስ ናቸው። አዎ፣ ቄስ! ማርከስ ሞሪስ ይባላሉ። ሳውዝፖርት አጠገብ የአንድ ደብር ቄስ ነበሩ። በዚያን ጊዜ ከአሜሪካ የሚመጡት ጭካኔ የበዛባቸው ኮሚኮች ልጆችን ያበላሻሉ ብለው ተቆጡ። እንደኛ ሰው «አታንብቡ» ብለው አውግዘው አልቀሩም። ፍራንክ ሃምፕሰን የሚባል ሠዓሊ ፈለጉና የተሻለ ኮሚክ ሠሩ። «ኢግል» የሚባለው ኮሚክ ሚያዝያ 1950 ሲወጣ የመጀመሪያው እትም ወደ 900,000 ቅጂ ተሸጠ። ስሙን ያወጣችው የሠዓሊው ሚስት ናት፤ ከንስር ቅርጽ ካለው የቤተ ክርስቲያን አትሮንስ ወስዳ። ዋናው ጀግና ዳን ዴር ይባላል፣ የጠፈር አብራሪ ነው። መጀመሪያ ሲታሰብ ግን እሱም የጠፈር ቄስ ነበር! በኋላ ነው ልብሱን ቀይረው አብራሪ ያደረጉት።

ሃምፕሰን የሚሠራው አሮጌ ዳቦ ቤት ውስጥ ነበር። ሥዕሉ እውነት እንዲመስል ሰዎችን ልብስ አልብሶ ያቆማቸውና ፎቶ ያነሳቸው ነበር። የጠፈር ኃይሉ አለቃ ፊት የራሱ አባት ፊት ነው። የኢግል አኑዋሎች ከ1951 ጀምሮ መውጣት ጀመሩ፤ እኔ ያገኘኋቸው ከዘመናት በኋላ ቻሪቲ ሾፕ በሚሉት የበጎ አድራጎት አሮጌ ዕቃ መሸጫ ውስጥ ነው፣ በሳንቲም።

እሺ። ሁለተኛው ነጥብ። እዚህ ላይ ትንሽ እቆያለሁ።

ይህን መጽሐፍ ስትገልጡት ዶክተሩ በየገጹ ፊቱ ይለያያል። አንዱ ገጽ ላይ ተዋናዩን ቶም ቤከርን ቁርጥ ነው። ሁለት ገጽ አልፋችሁ ስታዩት የማታውቁት ሰው ነው፤ ስካርፉ ባይኖር ማንም አይለየውም። ታሪኩም እንደዚያው። ቴሌቪዥን ላይ ፈጽሞ የማይሠራውን እዚህ ይሠራል። የማይናገረውን ይናገራል። ሰማዩ ሐምራዊ ነው፣ ድንጋዩ ዓይን አለው፣ ዛፉ ያስባል። ታሪኩን ማን እንደጻፈው ስም የለም። አሳታሚው ማንችስተር የሚገኝ ወርልድ ዲስትሪቢውተርስ የሚባል ድርጅት ነበር። ሥራው ለገና መድረስ አለበት። የጸሐፊው ኑሮ ይታያችሁ! ቪዲዮ የለም። ፕሮግራሙን መልሶ ማየት አይቻልም። ጥቂት ፎቶና ጥቂት ማስታወሻ ይዘህ «ጻፍ» ትባላለህ።

ታዲያ እኔ ለምን ወደድኩት?

እኛ ቤት ቴሌቪዥኑ ጥቁርና ነጭ ነው። ዶክተር ሁ የሚታየው ቅዳሜ አመሻሽ ላይ ነው። ካመለጠ አመለጠ። እንግሊዝኛዬ ደግሞ ግማሹን አያሲዘኝም። ሰዎቹ እየሮጡ ይጮኻሉ፣ እኔ ምን እንዳሉ ሳልሰማ በር ይዘጋል። መጽሐፉ ግን አይሮጥም! ጣቴን ቃሉ ላይ አድርጌ የፈለግሁትን ያህል ይጠብቀኛል። ልጆች፣ እናንተ ስልካችሁን ነክታችሁ ወደኋላ ትመልሳላችሁ። እኛ ወደኋላ የሚመለስ ነገር የነበረን ይኼ ብቻ ነው።

ስህተቱስ? ስህተቱ ነው የጠቀመኝ። ለምን? ስህተት ያየ ልጅ ዝም አይልም።

አንድ ምሳሌ ልስጣችሁ። ክፍላችን ውስጥ አንድ ልጅ «ስታር ትሬክ» የሚባለው የአሜሪካ የጠፈር ፕሮግራም አኑዋል ነበረው። በሥዕሉ ላይ የጠፈር መርከቢቱ ከኋላዋ እሳት እየተፋች ትሄዳለች፣ እንደ ሮኬት። ቴሌቪዥን ላይ እሳት የሚባል ነገር የለም። እኔ «ውሸት ነው» አልኩ። እሱ «መጽሐፍ ላይ ታትሟል» አለ። የምሳ ሰዓት አለቀ፣ ክርክሩ አላለቀም። በማግስቱ ቀጠልን። እስከዚያ ቀን ድረስ እዚያ ግቢ ውስጥ «ይቅርታ»ና «አመሰግናለሁ» ብቻ የምል ልጅ ነበርኩ። የዚያን ሳምንት «ማስረጃህ ምንድን ነው?» ማለትን ተማርኩ። በኋላ አድጌ ሳነብ ነገሩ ገባኝ። ሥዕሎቹ ጎልድ ኪ የሚባል የአሜሪካ አሳታሚ ካወጣቸው ኮሚኮች የተወሰዱ ናቸው። የመጀመሪያዎቹን የሣሉት ደግሞ ጣሊያን አገር የሚኖሩ ሠዓሊዎች ናቸው፤ ፕሮግራሙን አይተውት አያውቁም። ከፎቶ ነው የሠሩት። መርከብ ናት ከተባሉ ጭስና እሳት ቢጨምሩላት ማን ይፈርድባቸዋል? እኔ በበኩሌ ውለታቸው አለብኝ። እንግሊዝኛ የተማርኩት በነሱ እሳት ነው።

ሌላ ልጨምር፣ ይኼኛው የአባቴ ነው።

አባቴ አገር ቤት የሳይንስ አስተማሪ ነበር። እዚህ ሌሊት ሌሊት ሆቴል ውስጥ ነበር የሚሠራው። የኔን መጻሕፍት «የሕፃን ጨዋታ» ብሎ አይነካቸውም ነበር። አንድ እሁድ ያንን የኢግል መጽሐፍ አንሥቶ ያገላብጣል። ዳን ዴር ወደ ቬነስ ይሄዳል። በመጀመሪያው ታሪክ፣ በ1950 የተጀመረው ማለቴ ነው፣ ምድር ተርባለች። ምግብ ፍለጋ ነው ወደ ቬነስ የሚሄዱት። እዚያ አረንጓዴ ሕዝብ አለ። ገዢያቸው ሜኮን ይባላል፤ ጭንቅላቱ ትልቅ፣ ሰውነቱ ኩርምት ያለ፣ በምትንሳፈፍ ሳህን ላይ ተቀምጦ የሚዞር። አባቴ ስለ ሜኮን ምንም አላለም። «ቬነስ ላይ ምግብ?» አለና ሳቀ። እንዲህ ሲስቅ ካየሁት ቆይቼ ነበር።

«ልጄ፣ ቬነስ ላይ ሙቀቱ እርሳስ ያቀልጣል» አለኝ። «ይህን የጻፉት ሰዎች ግን ማወቅ አይችሉም ነበር። ደመናው ሸፍኖታል። ከደመናው በታች ባሕር ይኑር ረግረግ ይኑር ማን ያውቅ ነበር?» አለ። ከዚያ ወረቀት አምጥቶ ሣለልኝ። የአሜሪካኖቹ መንኮራኩር ማሪነር 2 በ1962 በአጠገቧ አልፋ ሙቀቷን ለካች። የሶቪየቶቹ ቬኔራ 7 በ1970 እላይዋ አርፋ መልእክት ላከች። ወደ 460 ዲግሪ ሴንቲግሬድ! ምግቡ ቢኖርም አሯል ማለት ነው።

«እንዴት አወቅህ?» አልኩት። በሚቀጥለው ቅዳሜ እጄን ይዞ ሰፈራችን ያለው የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ወሰደኝ። እሱም እኔም ካርድ አወጣን። አስቡት እስቲ። አስተማሪው አባቴ እዚህ አገር እንደገና ያስተማረው ያን ቀን ነው። ያስጀመረው ደግሞ ትክክለኛው መጽሐፍ አይደለም፣ የተሳሳተው ነው። መጽሐፉ ትክክል ቢሆን ኖሮ አባቴ ምን ይላል? «ጎበዝ፣ አንብብ» ብሎ ወደ እንቅልፉ ይሄድ ነበር።

ወላጆች፣ እለምናችኋለሁ። ልጃችሁ ተራ የሚመስል መጽሐፍ ይዞ ስታዩ «ቁም ነገር አንብብ» አትበሉት። ቁጭ በሉና ስህተቱን አብራችሁ ፈልጉለት። ልጅ አባቱን የሚያርም መጽሐፍ አይወድም፣ አባቱ የሚያርመውን መጽሐፍ ግን ይወዳል። እሱም ማረም ይፈልጋላ!

እዚህ ላይ ከነጥቤ ልውጣና አንድ የሚያስቅ ነገር ልንገራችሁ። «ስፔስ 1999» የሚባል ፕሮግራም ነበር፣ በ1975 የጀመረ። የሱም አኑዋል ነበረኝ። ታሪኩ እንዲህ ነው፤ በፈረንጆቹ ሴፕቴምበር 13 ቀን 1999 ጨረቃ ላይ የተከማቸ የኑክሌር ቆሻሻ ይፈነዳና ጨረቃዋ ከምሕዋሯ ወጥታ ትሄዳለች፣ ከነሰዎቹ። ቀኑን በኛ ቁጠሩት እስቲ። መስከረም 2 ቀን 1992 ነው። የእንቁጣጣሽ ማግስት! ይህን ለእናቴ በልጅነቴ ነግሬያታለሁ። እናቴ ቀን አትረሳም። ያ ቀን ሲደርስ፣ እኔ ትልቅ ሰው ሆኜ፣ ማታ ስልክ ደወለች። «እንደምን ዋልክ» የለም። «እስቲ መስኮት ክፈት፣ ጨረቃዋ አለች?» ነው ያለችኝ።

ሰዓቱ እየሄደ ነው፣ ሰብሳቢያችን ሰዓታቸውን እያሳዩኝ ነው። ገብቶኛል ጋሼ፣ እጨርሳለሁ።

ሦስተኛው። ቴሌቪዥኑ የት ገባ?

ዶክተር ሁ የጀመረው በፈረንጆቹ ኖቬምበር 23 ቀን 1963 ነው። ቢቢሲ ፕሮግራሞቹን የሚቀዳበት ቴፕ በጣም ውድ ነበር። ስለዚህ እንደ ጥቁር ሰሌዳ አጥፍቶ ሌላ ይቀዳበት ነበር። ማን መልሶ ያየዋል ተብሎ? ቪዲዮ ማጫወቻ በየቤቱ የለም። ደጋግሞ ማሳየትም ከተዋናዮቹ ማኅበር ጋር ያለው ውል አይፈቅድም። ስለዚህ እስከ 1970ዎቹ መጨረሻ ድረስ ተጠረገ። ከመጀመሪያዎቹ ስድስት ዓመታት ወደ መቶ የሚጠጉ ክፍሎች ጠፉ። ትልቅ ድርጅት፣ ትልቅ መዝገብ ቤት፣ ግን ጠፉ!

ምን ተረፈ? የልጆች ነገር ተረፈ። አንዳንድ ልጆች ቴሌቪዥኑ ፊት የቴፕ መቅረጫ ማይክ ደቅነው «ዝም በሉ!» እያሉ ድምፁን ይቀዱ ነበር። ከጠፉት ክፍሎች ምስላቸው የለም እንጂ የሁሉም ድምፅ ዛሬ አለ፣ በነዚያ ልጆች። አኑዋሎቹም አሉ። በ1965 የወጣው የመጀመሪያው የዶክተር ሁ አኑዋል ዛሬም ይገኛል። ውዱ ቴፕ ጠፍቶ ርካሹ ካርቶን ቀረ። ለምን? ቴፑ የመሥሪያ ቤት ነበር። ካርቶኑ ላይ ግን የልጅ ስም ተጽፎበታል።

ስለዚህ እዚህ ያላችሁ ጸሐፊዎች፣ ሠዓሊዎች፣ ኮምፒውተር የምትችሉ ወጣቶች፣ ሥራ ልስጣችሁ። ለልጆቻችን በአማርኛ አንድ አኑዋል አዘጋጁ። በዓመት አንድ። እነዚህ መጻሕፍት መስከረም ላይ ነው የሚወጡት ብያችኋለሁ፤ ለእንቁጣጣሽ ከዚህ በላይ የሚገጥም አለ? ሥዕሉ ይብዛ፣ ጽሑፉ ይነስ። ጠፈርተኛዋ የኛ ልጅ ትሁን። አንድ እንቆቅልሽ፣ አንድ የዳይ ጨዋታ፣ እንጦጦ ላይ ስላለው የጠፈር መመልከቻ ሁለት ገጽ። ስም የሚጻፍበት መስመር አትርሱ፤ ልጁ በፊደል ስሙን የሚጽፍበት። ገንዘብ የለንም እንዳትሉኝ። በየሠርጉ ለአዳራሽ የምናወጣውን እዚህ ያለ ሁሉ ያውቃል። ፍጹም ይሁን ብላችሁም አትጠብቁ። ፍጹም ይሁን ያልነው ሁሉ ኮሚቴ ውስጥ ነው የሚቀረው። ስህተት ይኑርበት፣ ልጆቹ ያርሙታል።

የመጨረሻው ጥያቄዬ ለታላላቆቼ ነው። ቀድሜ «እጠይቃችኋለሁ» ያልኩት ይኼ ነው።

ቢቢሲ ቴፑን ከማጥፋቱ በፊት ፕሮግራሙን ወደ ፊልም ገልብጦ ለብዙ አገሮች ሸጦ ነበር። የጠፉት ክፍሎች አንዳንዴ ብቅ የሚሉት ከነዚያ አገሮች ነው። በ2013 ናይጄሪያ፣ ጆስ ከተማ፣ አንድ የቴሌቪዥን ጣቢያ ውስጥ አቧራ ለብሰው ዘጠኝ የጠፉ ክፍሎች መገኘታቸው ተሰማ። ፊልሞቹን ከገዙት አገሮች አንዷ ደግሞ ኢትዮጵያ ነበረች። አዎ! በጃንሆይ ዘመን የአዲስ አበባ ቴሌቪዥን። እኛ ቤት ያን ጊዜ ቴሌቪዥን አልነበረም። አባባ ተስፋዬንም ያየሁት ጎረቤት ሄጄ፣ ወለል ላይ ተቀምጬ ነው።

እዚህ አዳራሽ ውስጥ ግን በኛ አቆጣጠር በ1963 እና በ1964 ዓ.ም. አካባቢ ቤታቸው ቴሌቪዥን የነበረ ሰዎች እንዳሉ አውቃለሁ፤ አትደብቁኝ! ነጭ ፀጉር ያለው ሽማግሌ ዶክተር (ያን ጊዜ የሚጫወተው ሌላ ተዋናይ ነበር)፣ የሚጓዝባት ከውጭ ጠባብ ከውስጥ ሰፊ የሆነች ሳጥን፣ የሚንሸራተቱ የብረት ፍጥረታት። ትዝ የሚለው አለ? ቴሌቪዥን ጣቢያው የሠራ፣ ፊልም ያጫወተ፣ ቆርቆሮውን መደርደሪያ ላይ ያስቀመጠስ? እስቲ እጃችሁን አውጡ። ማይኩን አምጡላቸው።